ፍላየር፣ ስቲከር፣ ባነር ወይስ ካላንደር? ለትንሽ ንግድ የትኛው ይታተም

"ወንድሜ፣ አምስት ሺህ ፍላየር አሳትምልኝ።"

የደወለችው ወዳጄ ናት። ሃያ ሁለት አካባቢ ኬክ ቤት ልትከፍት አሥር ቀን ቀርቷታል። ለምን አምስት ሺህ ስላት "ሲበዛ ይረክሳል አሉኝ" አለች። አልዋሿትም። ሲበዛ የአንዱ ፍሬ ዋጋ በደንብ ይወርዳል። ግን አምስት ሺህ ፍላየር ማን ያድለዋል? የት ቆሞ? ለማን?

እኔ የሕትመት ዲዛይን ነው የምሠራው። ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ቀለምም ስለ ዋጋም አይደለም። "ይሄ የምታሳትሙት ነገር ከሳምንት በኋላ የት ይገኛል?" እላለሁ። ታክሲ ተራ መሬት ላይ? የኪስ ቦርሳ ውስጥ? ግድግዳ ላይ? ሰው ትከሻ ላይ? መልሱ ከታወቀ ግማሹ ምርጫ አለቀ። እዚህም የማወዳድራቸው በዚሁ መንገድ ነው።

እጅ ላይ የሚሰጡት

ፍላየር ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህ ቀን ላለው ነገር ይሁን፤ ለምረቃ፣ ለባዛር፣ ለቅናሽ፣ ለሥልጠና ምዝገባ። አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ስልክ። ቀን የሌለው ፍላየር ሳይ "ታዲያ ዛሬ ለምን ሰጡኝ?" እላለሁ።

መጠኑን ብዙ ሰው ሳያስብ ኤ4 ይላል። ከአንድ ኤ4 ወረቀት ሁለት ኤ5 ወይም አራት ኤ6 ይወጣል። ኤ6 ማለት 105 በ148 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሳይታጠፍ ጃኬት ኪስ ይገባል። ኤ4 ግን ተጣጥፎ ነው የሚያዘው፤ የታጠፈ ፍላየር ደግሞ ተመልሶ አይከፈትም። የወረቀቱን ውፍረት በግራም ጠይቁ፤ የአንድ ካሬ ሜትሩ ክብደት ማለት ነው። የቢሮ ወረቀት 80 ግራም ነው፤ ፍላየር ሲሆን ፎቶ ኮፒ ይመስላል፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ በአንድ ካፊያ ይሟሟል። ከ130 እስከ 150 ግራም አርት ፔፐር፣ ያ ለስላሳው የመጽሔት ዓይነት ወረቀት፣ ይበቃል። ከዚያ በላይ ለፍላየር ብር ማባከን ነው።

ቢዝነስ ካርድ ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ሳይሆን ከሦስት ወር በኋላ ለምትፈለጉ ሰዎች ይሆናል። ቧንቧ ሠሪ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ፎቶ አንሺ፣ ጠበቃ፣ ሜካፕ አርቲስት። ከ300 እስከ 350 ግራም ይሁን። መጠኑን 8.5 በ5.5 ሴንቲ ሜትር አድርጉት፤ ከኤቲኤም ካርድ ጋር እኩል ለማለት ስለሚቻል የቦርሳው ኪስ ልክክ አድርጎ ይይዘዋል። ላሚኔሽን፣ ማለትም ከላይ የሚለበጠው ስስ ፕላስቲክ፣ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በሚያብረቀርቅ ላሚኔሽን ላይ እስክሪብቶ አይጽፍም። ወዳጄ ከካርዱ ጀርባ የኬክ ማዘዣ ቀን መጻፍ ፈልጋ ነበር፤ ስለዚህ ፊቱን ብቻ አስለበስን፣ ጀርባውን ባዶ ተውነው።

ብሮሸርን በተመለከተ ግልጹን ልናገር። አብዛኛው ትንሽ ንግድ አያስፈልገውም። ብሮሸር ሰው ቤቱ ወስዶ ከቤተሰቡ ጋር ለሚመክርበት ነገር ነው። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ አስጎብኚ ድርጅት፣ ማሽን ሻጭ። ኬክ ለመግዛት ማንም ብሮሸር አያነብም። የግድ ካላችሁና ሦስት እጥፍ ከሆነ፣ ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ገጽ ከሌሎቹ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ይጥበብ፤ አለዚያ ይንጋደዳል። ወረቀቱ ከ170 ግራም ካለፈ እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ይሰነጠቃል፤ ከመታጠፉ በፊት በማሽን ተጭነው የእጥፋት መስመር እንዲያወጡለት ንገሯቸው።

የሚሰቀሉና የሚለጠፉ

ባነርን የሚያነበው ቆሞ የሚያይ ሰው አይደለም፣ ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሚኒባስ በሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሁለት ሦስት ሴኮንድ ነው ያላችሁ። የድርጅቱ ስም፣ ምን እንደምትሸጡ፣ ስልክ። በቃ። የአገልግሎት ዝርዝራችሁን ባነር ላይ ስትደረድሩ የምታነቡት እናንተ ብቻ ናችሁ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም። ቀዩና ቢጫው ቀድመው ይሄዳሉ። ስለዚህ "ቀለሙ የውጭ ነው የውስጥ?" ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። ዙሪያው ታጥፎ ይሰፋ ወይም ይበየድ፣ የብረት ቀለበቶቹም ይጠጋጉ፤ የጥቅምት ነፋስ ማዕዘን ማዕዘኑን ነው የሚበላው። ደግሞ ውጭ ለመስቀል ፈቃድ ስለሚጠየቅ፣ ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ወረዳችሁን ጠይቁ። ታትሞ ከመጣ በኋላ "መጠኑ አይፈቀድም" ከሚባል ይሻላል።

ሮል አፕ፣ ከመቆሚያው ተስቦ የሚወጣው ባነር፣ ለቤት ውስጥ ነው። ባዛር፣ ስብሰባ፣ የእንግዳ መቀበያ። የተለመደው መጠን 85 በ200 ሴንቲ ሜትር ነው። ስልክ ቁጥሩን ታች አታድርጉት፤ ከጉልበት በታች ያለውን ማንም አያይም፣ ጠረጴዛ ከተቀመጠበት ደግሞ ጭራሽ ይሸፈናል። ጥሩነቱ መቆሚያው አይሞትም። ሲያረጅ ሥዕሉን ብቻ ማስቀየር ይቻላል፤ "ሕትመቱን ብቻ በስንት?" ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደምወደው መጣሁ፦ ስቲከር። የታክሲ ጥቅሶችን አስቡ። መስታወቱ ተቀይሯል፣ ወንበሩ ተቀዷል፣ ረዳቱ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፣ ጥቅሱ ግን እዚያው አለ። እንደ ስቲከር ትንሽ ብር በልቶ ብዙ የሚቆይ የለም።

ለኬክ ቤትማ ወሳኝ ነው። ማሸጊያ ካርቶን ላይ ስም ማሳተም ሺህዎችን ማዘዝ ይጠይቃል፣ ካርቶኑም ቦታ ይይዛል። ባዶ ነጭ ካርቶን ገዝቶ ክብ ስቲከር መለጠፍ ግን በሁለት መቶ ፍሬ ይጀመራል። ደግሞ ካርቶኑ ልደት ይሄዳል። ልደቱ ላይ ሃያ ሰው አለ፣ ሃያውም ኬኩን በልቶ "ከየት ነው?" ይላል። ለዚህ የሚደርስለት ፍላየር አላውቅም። ፍሪጅ የሚገባ ከሆነ የወረቀት ስቲከር አታሳትሙ፤ እርጥበቱ ይልጠዋል። ፕላስቲኩን፣ ቪኒል የሚሉትን፣ ጠይቁ።

የሚለበሱና የሚያዙ

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ሲካሄድ፣ የሩጫው ቲሸርት ከሩጫው በኋላም ከተማ ውስጥ ሲዞር ይከርማል። ሰው ወዶ ስለሚለብሰው ነው። እናንተም ቲሸርት ስታስቡ "ሰው ይሄንን እሁድ ቀን ይለብሰዋል?" ብላችሁ ጠይቁ። ጀርባው ላይ ስልክ ቁጥር በትልቁ ከተጻፈበት፣ ቤት ቀለም ሲቀባ ብቻ ነው የሚወጣው።

አሠራሩ አራት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ስክሪን ፕሪንት ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ስክሪን፣ ማለትም ቀለሙ የሚያልፍበት ወንፊት መሰል ጨርቅ፣ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት ቀለም ሆኖ ብዛቱ ሃምሳና ከዚያ በላይ ሲሆን ያዋጣል፤ እጥበትም ይችላል። ዲቲኤፍ የሚሉት ፊልም ላይ ታትሞ በሙቀት የሚጣበቀው ነው። አንድ ፍሬም ይሠራል፣ ቀለሙም የፈለጋችሁትን ያህል ነው፣ ጥቁር ጨርቅም አይገደውም። ግን ደረት የሚሸፍን ትልቅ ሥዕል ካደረጋችሁበት ላስቲክ የለበሳችሁ ይመስላል፣ ላብ ያመጣል። ሰብሊሜሽን ቀለሙ ክሩ ውስጥ ስለሚገባ ሲዳሰስ አይታወቅም። ነገር ግን ለፖሊስተርና ለነጭ ወይም ፈዘዝ ላለ ጨርቅ ብቻ ነው። ጥጥ ላይ ላድርግላችሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ጥልፍ ደግሞ ለኮፍያና ባለ ኮሌታ ቲሸርት ያምራል፤ ስስ ቲሸርት ላይ ጨርቁን ይሰበስበዋል።

እስክሪብቶ ላይ ከስምና ከስልክ ሌላ አትጻፉ፤ አይነበብም። ኩባያ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ስለሚቆይ ለድርጅት ደንበኛ ጥሩ ነው። ቁልፍ መያዣ ላይ ግን ተስፋ ቆርጫለሁ፤ መሳቢያችሁን ክፈቱና ስንት እንዳለ ቁጠሩ። የጨርቅ ቦርሳን ግን ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ በቁም ነገር ማየት ይገባል ባይ ነኝ። ገበያ ይዞት የሚሄድ ሰው አለ።

ካላንደር፣ የአገራችን ንጉሥ

ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ የሚቆይ ማስታወቂያ ካላንደር ብቻ ነው። ቤት ውስጥ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ጋራዥ ውስጥ። የኛው ቀን በትልቁ፣ የፈረንጁ በትንሹ፣ በዓላቱ በቀይ። አንድ ገጽ የሆነው በርካሽ ይወጣል፣ ለብዙ ሰው ይዳረሳል። በየወሩ የሚገለጠው ያምራል፣ ግን ብዙዎቹ ሰዎች ኅዳር ላይ መግለጥ ያቆማሉ። አጀንዳ ደግሞ ውድ ስለሆነ ለሃያ ሠላሳ ትልልቅ ደንበኞች ብቻ ይሁን።

ካላንደር ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የ2016ን ስሠራ የ2015ን ፋይል ገልብጬ ዕለቶቹን ብቻ አስተካከልኩ። 2015 ዘመነ ሉቃስ መሆኑን፣ ጳጉሜን 6 ቀን መሆኗን ረሳሁት። የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ነበር የዋለው፤ እኔ 11 ብዬ ቁጭ አደረግኩት። ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ የፈረንጁ ቀን ሁሉ በአንድ ተንሸራተተ። ገናንም ታኅሣሥ 29 ላይ ቀይ አደረግኩ፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ነው የሚከበረው። ስድስት መቶ ፍሬ። ደንበኛው ጨዋ ሰው ስለሆነ አልጮኸብኝም፤ ድጋሚ የታተመው ግን ከኪሴ ነው። አሁንም ተጠንቀቁ፦ 2019 ዘመነ ሉቃስ ነው፣ የ2020 አዲስ ዓመትም ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። የእስልምና በዓላትን ስታስገቡ ደግሞ "እንደ ጨረቃዋ መታየት ሊለወጥ ይችላል" የምትል መስመር ታች ይኑር።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ካላንደር ሐምሌ ላይ ይታዘዝ። ነሐሴ ሲጋመስ ማተሚያ ቤቱ ሁሉ ወረፋ ነው። መስከረም 10 የደረሰ ካላንደር ደግሞ ምስማሩን ሌላ ሰው ይዞበት ይጠብቀዋል።

ኦፍሴት ወይስ ዲጂታል

ኦፍሴት ፕሌት፣ ማለትም ሥራው የሚቀረጽበት የብረት ሉህ፣ ይፈልጋል፤ ለሙሉ ቀለም ሥራ አራት ፕሌት። መቶም ብታሳትሙ ሺህ፣ የፕሌቱ ዋጋ ያው ነው፤ ለዚህ ነው ሲበዛ የሚረክሰው። እንደ ብርሃንና ሰላም ያሉ ትልልቅ ማተሚያ ቤቶች የተሠሩት ለዚህ ዓይነቱ ብዛት ነው። ዲጂታል ፕሌት የለውም፤ ሃምሳ ፍሬ ጠዋት አዛችሁ ከሰዓት ትወስዳላችሁ። እኔ ባየሁት ሁለቱ በዋጋ የሚገናኙት ከ500 እስከ 1,000 ፍሬ መሃል ላይ ነው። ከዚያ በታች ዲጂታል፣ ከዚያ በላይ ኦፍሴት። አዲስ ንግድ ከሆናችሁ ግን በፍሬ ቢወደድም በትንሹ በዲጂታል ጀምሩ። ስልክ ትቀይራላችሁ፣ ዋጋ ትቀይራላችሁ፣ ሎጎውም በሁለት ወሩ ያስጠላችኋል።

ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ወረቀቱም ቀለሙም ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ፕሮፎርማ ላይ "ለ3 ቀን ብቻ የሚያገለግል" የሚል ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ሰብስቡ። ስታወዳድሩ ግራሙ፣ ላሚኔሽኑና ብዛቱ አንድ ዓይነት መሆኑን እዩ። 15 በመቶው ቫት ይካተት አይካተት ጠይቁ፤ ርካሽ የመሰለው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው የሚገለጠው።

የፊደላችን ጣጣ

ዲዛይን ላይ የሚወጣው ምክር ሁሉ ለላቲን ፊደል የተጻፈ ነው። የኛ ፊደል የራሱ ጠባይ አለው።

አንደኛ፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። እንግሊዝኛው ርዕስ በትልልቅ ፊደል ጮክ ሲል፣ አማርኛው የሚጮኸው በመጠንና በውፍረት ብቻ ነው። ስለዚህ ርዕሱን በድፍረት አግዝፉት፤ ትንሽ ብቻ ተለቅ ካለ ስህተት ይመስላል።

ሁለተኛ፣ ሆሄያቱን የሚለያቸው ትንሽ ቅጥያ ነው። ኪና ኬን፣ ሊና ሌን የምትለያቸው ቀለበቷ ናት። ፊደሉ ሲያንስ ወይም በግድ ሲወፍር ቀለበቷ በቀለም ትሞላለች። የወዳጄ የመጀመሪያ ካርድ ናሙና ሲመጣ ኬክ ቤቱ "ኪክ ቤት" ሆኖ ነበር። "ክክ እንዳይሉት ብቻ፣ ሽሮ ቤት መሰልኩ እኮ!" ብላ ሳቀች። ጥፋቱ የኛው ነበር፤ ወፍራም የሌለውን ፎንት ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲያወፍረው አድርገናል። ወፍራሙ አብሮት የተሠራ ፎንት ምረጡ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም አለው፣ በነፃም ይገኛል። የፊደሉን መጠን ካርድ ላይ ከ8 ነጥብ (ፖይንት)፣ ፍላየር ላይ ከ10 ነጥብ በታች አትውረዱ። ጥልፍ ከሆነ ደግሞ በጣም ትልቅ ካልሆነ ተዉት። ጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ካደረጋችሁ ቀለሙ ወደ ፊደሉ ስለሚሰርግ የፊደሉን መጠን ትንሽ ጨምሩለት።

ሦስተኛ፣ የድሮ ፎንቶች። የኢትዮጵያ ፊደል ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ፣ ዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች አማርኛውን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ዛሬም ብዙ ዲዛይነር ስለሚያምሩ ይጠቀምባቸዋል። ጥፋት የለውም። ግን ፋይሉ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ድርጅታችሁ የማይነበብ የላቲን ምልክት ክምር ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት ጽሑፉ ሁሉ ወደ ከርቭ፣ ማለትም ፎንት ወደማያስፈልገው ሥዕል፣ ይቀየር። ዲዛይነሩ የሚታረመውን ፋይልም ለየብቻ ያስቀምጥ፤ ከርቭ ከሆነ በኋላ ፊደል ማረም አይቻልም።

ፊደላቱን አትቀላቅሉ። "ሥራ" ብላችሁ ጀምራችሁ ጀርባው ላይ "ስራ" አትበሉ። አንዱን ምረጡ። አራት ነጥብም ሁለት ሁለት ነጥብ በመደርደር አይሠራም፤ የራሱ "።" አለው። ደግሞ ጽሑፉን ግራና ቀኝ እኩል አታስወጥሩት። አማርኛ ቃሉ ረጅም ነው፣ ጠባብ ፍላየር ላይ በቃላት መሃል ጉድጓድ ይፈጠራል። ከግራ ይጀምር፣ ቀኙ እንደፈለገ ይሁን።

ቀለሙ ስልክ ላይ እንዳያችሁት አይወጣም። ስክሪን ብርሃን ነው፣ ወረቀት ቀለም ነው። በተለይ የሚያበራው አረንጓዴና ሰማያዊ ይደበዝዛል። ጠርዝ ድረስ የሚሄድ ቀለም ካለ በየአቅጣጫው 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይተው፣ ጽሑፍ ደግሞ ከጠርዙ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ይራቅ። ሎጎና ፎቶ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከሄደ ጥራቱን ይቀንሰዋል፣ ባነር ላይ ሲገዝፍ ሰዉ ሁሉ ጉም ውስጥ የቆመ ይመስላል። ኪው አር ኮድ ካስገባችሁ ጎኑ ከ2 ሴንቲ ሜትር አይነስ፣ ዙሪያው ነጭ ይሁን፣ ናሙናው ላይ በሁለት የተለያየ ስልክ ሞክሩት።

ወዳጄ በመጨረሻ ያሳተመችው

አምስት ሺው ፍላየር ቀረ። አራት መቶ ኤ6 ፍላየር ለምረቃው ቀን፣ አምስት መቶ ክብ ስቲከር፣ ሁለት መቶ ካርድ፣ አንድ ባነር። በቃ። የቀረውን ብር ለቅቤና ለእንቁላል አዋለችው።

ናሙናው ሲደርስ አብረን ሄድን። እኔ ናሙና ላይ ሁልጊዜ የማደርገው አንድ ነገር አለ፤ ባለቤቱ የተጻፈውን ስልክ ከወረቀቱ ላይ እያነበበ እንዲደውል አደርጋለሁ። በቃሉ የሚያውቀውን ሳይሆን የታተመውን። "የራሴን ቁጥር አጣዋለሁ እንዴ?" አለች። ደውይ አልኳት። በኔ ስልክ ደወለች፤ የሷ ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ዝም አለ። ወዲያ ማዶ አንድ ጎልማሳ አነሱ።

"አቤት፣ ማን ልበል?"

ወደ ኋላ ሄደን ቴሌግራሙን ስናይ፣ ሁለቱን አኃዝ አዘዋውራ የላከችው እሷው ናት።